ክራር ስትገዙ፦ ቅኝት ይይዛል ወይ?

ክራር ፍሬት (ጊታር አንገት ላይ የጣት ቦታ የሚለዩት የብረት መስመሮች) የለውም። ጊታር ላይ ጣት ቦታ እየቀያየረ የሚያወጣውን ድምፅ፣ ክራር ላይ እያንዳንዱ አውታር ለብቻው ተቃኝቶ ይይዘዋል። ከትዝታ ወደ ባቲ ወይም ወደ አንቺሆዬ መሄድ የፈለገ ሰው አውታሮቹን እንደገና ይቃኛል። ስለዚህ በእጅ የተሠራ ክራር ሲገዛ መጠየቅ ያለበት ነገር ቅኝት ይቀበላል ወይ፣ የተቀበለውንስ ይዞ ይቆያል ወይ የሚለው ነው። ዛጎሉ፣ ሥዕሉና የቫርኒሹ ብልጭታ ከዚያ በኋላ የሚታይ ነው። በማስታወሻ ዕቃ መሸጫዎች ተሰቅለው ከሚታዩት ውስጥ መቃኛቸው (አውታሩ ተጠቅልሎበት የሚጠብቅበትና የሚላላበት ዘንግ) በኮላ የተጣበቀ፣ ቆዳቸው ላይ ቀለም የተለቀለቀ አሉ። እነሱ ለግድግዳ የተሠሩ ስለሆኑ ለግድግዳ ከፈለጋችኋቸው ምንም ክፋት የለውም።

ስትሄዱ ስልካችሁ ላይ ክሮማቲክ ቱነር (የድምፁን ከፍታ ለክቶ የሚያሳይ መተግበሪያ) ጫኑ፤ እርሳስ፣ ማስመሪያና አንድ ነጭ ወረቀት ያዙ። ከሁሉም በላይ ጊዜ ያዙ። በአምስት ደቂቃ የተመረጠ ክራር የሚያሳየው አምስት ደቂቃ ያህል ነው፤ አንድ ሰዓት ብትመድቡለት ጥሩ ነው።

ቆዳው

ጥሬ ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፣ ሲደርቅ ይወጠራል። ፀሐይ ላይ የዋለ ክራር ማንም ቢመታው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ግን ሌላ ዕቃ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ገበቴውን (ቆዳው የተወጠረበትን ጎድጓዳ አካል) እና ቆዳውን በመዳፍ ዳስሱ። ሞቆ ከተገኘ ጥላ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ፤ እናንተም እስከዚያው ሌላውን ክፍል እዩ። ሻጩ «ኧረ አሁኑኑ ምታው!» ብሎ ቢያጣድፋችሁ አትቸኩሉ።

ከቀዘቀዘ በኋላ ቆዳውን ከጠርዙ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ በጣት ጫፍ ዙሪያውን ሰባት ስምንት ቦታ ምቱት። ድምፁ በሁሉም ቦታ ተቀራራቢ መሆን አለበት። በአንድ በኩል «ዱብ»፣ በሌላው በኩል «ቲን» የሚል ከሆነ ሲወጠር እኩል አልተሳበም ማለት ነው፤ ብርኩማው (ቆዳው ላይ ቆሞ አውታሮቹን የሚሸከመው እንጨት) ከጊዜ በኋላ ወደላላው ጎን ያዘነብላል። ቀጥሎ መሃሉን በአውራ ጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ። ትንሽ ገብቶ ወዲያው መመለስ አለበት። የጣት አሻራ ይዞ የሚቀር ከሆነ እርጥብ ነው ወይም ላልቷል። እንደ ጣውላ የማይነቃነቅ ከሆነ ደግሞ ወይ ቆዳው ወፍራም ነው፣ ወይ ቀለም ጠጥቷል፣ ወይ ከልክ በላይ ተወጥሯል። ከልክ በላይ የተወጠረው በበጋ ሲደርቅ ከጠርዙ ይቀደዳል።

አሁን የስልካችሁን መብራት በድምፅ ቀዳዳው በኩል ወደ ገበቴው ውስጥ አብሩ። ጥሬ ቆዳ ብርሃን ያሳልፋል። የሳሳው ቦታ ደምቆ ይታያል፤ ፍየሉ ሲገፈፍ ቢላ የነካው ቦታ ደግሞ እንደ ቀጭን የብርሃን ጭረት ብቅ ይላል። ጭረቱ ጠርዝ ላይ ከሆነ ያስጨንቃል፤ ብርኩማው እግር ሥር ከሆነ ግን ክራሩን መልሱት። በዚያው የድምፅ ቀዳዳዎቹን ቅርፅ እዩ። ክብ ቀዳዳ ባለበት ይቆያል እንጂ አይሰፋም፤ በቢላ የተሰነጠቀ ሹል ጫፍ ያለው ቀዳዳ ግን ቅዳዱ ከዚያው ጫፍ ይጀምራል።

ቆዳው የምን እንደሆነም ጠይቁ፦ «ጋሼ፣ ይሄ የፍየል ነው የበግ?» በሉ። የፍየል ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ ነው። የበግ ቆዳ ልል ስለሆነ ቶሎ ይሸነፋል፤ የጥጃ ቆዳ ይበረታል፣ ከወፈረ ግን ድምፁን ያፍናል። የለፋ ቆዳ ለጫማ እንጂ ለክራር አይሆንም፤ ስለሚለጠጥ ድምፁም ቅኝቱም አብሮ ይለጠጣል። ጠረኑንም አሽትቱ። በደንብ ያልደረቀ ቆዳ ይከረፋል፣ ብልም ይወደዋል። አጣበቁን በተመለከተ በጠፍር ከኋላ የተሳበ ቆዳ ቢላላ እንደገና ሊወጠር ይችላል። በሚስማር የተመታው ግን በየሚስማሩ ሥር ይቀደዳል፣ ሲላላም መፍትሔው አዲስ ቆዳ ማልበስ ብቻ ነው። ይህ ሚስማር የተመታበትን ሁሉ መጣያ አያደርገውም፤ ዋጋው ላይ ግን መታየት አለበት።

እንጨቱ

ገበቴው ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ከሆነ ጀርባውን ብርሃን ላይ አዙሩት። የምትፈልጉት ስንጥቅ በኮላና በሰጋቱራ ተሞልቶ ቫርኒሽ የተቀባበትን ነው። ቀለሙ ከአካባቢው ይጨልማል፣ የእንጨቱ መስመርም እዚያ ላይ ይቋረጣል። በጥፍር ሲነካ ከእንጨቱ የለሰለሰ ወይም የጠነከረ ሆኖ ይሰማል። ሙሉ በሙሉ የደረቀ ዋንዛ ላይ ያለ አሮጌና ትንሽ ስንጥቅ በደንብ ከተሞላ አያሳስብም። ገና ባልደረቀ እንጨት ላይ ያለው ግን ይቀጥላል።

መድረቁን በምን ታውቃላችሁ? መጠናቸው የሚቀራረብ ሁለት ክራሮችን በሁለት እጅ አንሡ። አንደኛው ያለምክንያት የሚከብድና ገበቴው በእጅ ሲዳሰስ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ውሃ አለበት። አናጺዎች በተለምዶ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ጣውላ በጥላ አንድ ዓመት ማድረቂያ ይቆጥራሉ። እርጥብ እንጨት ከተገዛ በኋላ ሲሸማቀቅ ቆዳው ይላላል፣ ምሰሶዎቹም (ከገበቴው ወደ ላይ የሚወጡት ሁለት እንጨቶች) በመግቢያቸው ይወላወላሉ። ባህር ዛፍ በተለይ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ነጩን ወረቀት የያዛችሁትም ለዚሁ ክፍል ነው፤ ገበቴውን ወረቀቱ ላይ ደፍታችሁ መታ መታ አድርጉት። ደቃቅ ዱቄት ከረገፈ ነቀዝ ውስጡ አለ።

ገበቴው የብረት ጎድጓዳ ሳህን ከሆነ ስንጥቅና ነቀዝ አያሰጋችሁም። ድምፁ ይበልጥ ይጮኻል፤ ይህ የምርጫ ጉዳይ እንጂ ጉድለት አይደለም። የሳህኑን ጠርዝ ብቻ በጣት ዳስሱት። ያልተጠቀለለ ስለታም ጠርዝ ቆዳውን ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል።

ወደ ምሰሶዎቹ ስንመጣ ሸክሙን ማወቅ ጥሩ ነው። 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ናይሎን፣ ከብርኩማው እስከ ቀንበሩ (ምሰሶዎቹን ከላይ የሚያገናኘው፣ መቃኛዎቹ ያሉበት አግዳሚ እንጨት) 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ኖሮት 220 ኸርዝ ላይ ሲቃኝ 2.8 ኪሎ ያህል ይስባል። ስድስቱም በዚያ ግድም ቢስቡ ክፈፉ ሌት ተቀን ወደ 17 ኪሎ ተሸክሞ ያድራል ማለት ነው። ለዚህም የምሰሶዎቹ የእንጨት መስመር ከታች እስከ ላይ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት፤ መስመሩ በአግድም የሚወጣ ወይም መሃሉ ላይ ትልቅ አንጓ ያለበት ምሰሶ ከዚያው ይሰበራል። ገበቴውን በጉልበታችሁ መሃል ይዛችሁ ቀንበሩን በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጠምዝዙት። «ሲጥ ሲጥ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ መጋጠሚያው ልል ነው።

ቀንበሩን ግን ረጋ ብላችሁ እዩት፤ ብዙ ገዢ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የመቃኛ ቀዳዳዎቹ ስድስቱም በአንድ የእንጨት መስመር ላይ ከተደረደሩ፣ እያንዳንዱ መቃኛ ተጠብቆ ሲገባ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ያንኑ መስመር ይፈለቅቀዋል። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ቀጣዩ ስትሄድ ትታያለች፤ አብዛኛውን ጊዜ በጀርባ በኩል። ያቺ ስንጥቅ ካለች መቃኛው ምንም ቢጠብቅ አይይዝም። አዋቂ ሠሪ ቀዳዳዎቹን ትንሽ ከፍና ዝቅ አድርጎ ይበሳል።

አውታሮቹና ብርኩማው

አውታሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ውፍረት ካላቸው ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ከአንድ የዓሣ ማጥመጃ ጥቅል ስድስቱም ተቆርጠው ይታሰራሉ። ይሁን እንጂ በአንድ ርዝመትና በአንድ ውፍረት አውታር አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) ወደታች ለመውረድ ጉልበቱ ወደ ሩብ መቀነስ አለበት። ማለትም ላይኛው 2.8 ኪሎ ሲስብ ታችኛው 0.7 ብቻ ይስባል፤ ሲመታ ይርገበገባል፣ ድምፁም ይዋዥቃል። ይህ ግን የክራሩ ጥፋት አይደለም፤ ለወፍራሙ ድምፅ ወፈር ያለ ናይሎን ሲታሰርለት ይስተካከላል። በዚህ ምክንያት ጥሩ ክራር ጥላችሁ እንዳትሄዱ።

የብረት አውታር ሌላ ጠባይ አለው። ስለማይለጠጥ ምሰሶው ወይም ቆዳው ጥቂት ቢንቀሳቀስ ቅኝቱ ከናይሎኑ በበለጠ ይበላሻል፤ የብርኩማውንም ጎድጎድ ይቆርጣል። ለናይሎን የተሠራ ስስ ክራር ላይ የብረት አውታር ታስሮ ካያችሁት ተጠንቀቁ።

ብርኩማው እግሩ ሙሉ በሙሉ ቆዳው ላይ መቀመጥ አለበት። የወረቀቱን ጠርዝ ከእግሩ ሥር ለማስገባት ሞክሩ፤ ከገባ ድምፅ እዚያ ይጠፋል። በብርጭቆ ወረቀት ሊስተካከል ስለሚችል እዚያው እንዲያስተካክሉላችሁ ጠይቁ። አውታሩ በጎድጎዱ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ብቻ ይግባ። ሙሉ በሙሉ የተቀበረ አውታር ይነዝራል። በገና ላይ መንዘሩ የሚፈለግ ነው፤ እንዝራ የሚባለው የቆዳ ቁራጭ የሚገባለትም ለዚያ ነው። ክራር ግን ጥርት ማለት አለበት።

ግራ እጃችሁን ከአውታሮቹ ኋላ አስገቡና በእያንዳንዱ ጣት አንድ አንድ አውታር ነካ አድርጋችሁ አፍኑ። አውታሮቹን ሁሉ በአንድ ላይ በሚገርፉበት አመታት ድምፅ የሚመረጠው በማፈን ስለሆነ፣ ጣታችሁ ጎረቤቱን አውታር ሳይነካ አንዱን ብቻ ዝም ማሰኘት መቻል አለበት። በማስመሪያ የአውታሮቹን ርቀት ለኩ፤ አንዱ ጠባብ አንዱ ሰፊ ከሆነ የብርኩማው ጎድጎድ በግምት ተቆርጧል።

ዋናው ፈተና

አሁን ቃኙ። ስድስቱን አውታሮች በትዝታ ሜጀር አድርጉ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ስድስተኛው የዶ ኦክታቭ። የመጀመሪያውን ቃኝታችሁ አምስቱን ስትጨርሱ የመጀመሪያው ወርዶ ታገኙታላችሁ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ቆዳውም ክፈፉም ጭነቱን ሲቀበሉ ይሰጣሉ። ደግማችሁ ቃኙ፣ ሠልሱ። በሦስተኛው ዙር መርጋት አለበት።

ሲረጋ እርሳሱን አውጡና ከእያንዳንዱ መቃኛ ወደ ቀንበሩ የሚያልፍ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ከዚያ አምስት ደቂቃ ሳትራሩ ግረፉት፣ ደርድሩት። ቱነሩን መልሳችሁ እዩ። ድምፁ ወርዶ መስመሩ ከተቆረጠ መቃኛው ተንሸራቷል። ድምፁ ወርዶ መስመሩ እንዳለ ከሆነ ግን መቃኛው ንጹሕ ነው። አንድ ሁለት አውታር ብቻ ከወረደ አዲስ ናይሎን እየተለጠጠ ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቆማል። ስድስቱም እኩል ከወረዱ ቆዳው እየሰመጠ ወይም ምሰሶው እየጎበጠ ሊሆን ይችላል፤ እሱ የሚቆም አይደለም። ሻጩ ለሁሉም «አዲስ ስለሆነ ነው» ይላል፤ የእርሳሱ መስመር የቱ እውነት እንደሆነ ይለይላችኋል።

የሚንሸራተት የእንጨት መቃኛ ጠመኔ ዱቄት ሲነካ ብዙ ጊዜ ይይዛል፤ የሚነክሰው ደግሞ ደረቅ ሳሙና ይበቃዋል። ቀዳዳው ሞላላ ከሆነ ግን ጠመኔም አያድነው።

ቀጥሎ ወደ አንቺሆዬ ውሰዱት፦ ሬ በግማሽ ድምፅ ይወርዳል፣ ሚ በግማሽ ይወጣል፣ ሶል በግማሽ ይወርዳል። ዶና ላ አይነኩም። ሦስቱን ያለ ትግል ማቆም ከቻላችሁ፣ ያልተነኩትም በቦታቸው ከተገኙ፣ ክራሩ ሥራውን ያውቃል። መቃኛው እየዘለለ ትክክለኛውን ቦታ የሚያልፍባችሁ ከሆነ አውታሩ የሚጠቀለልበትን ክፍል ውፍረት እዩ፤ የወፈረው በትንሽ ዙር ብዙ ይስባል። የጊታር መቃኛ የተገጠመለት ክራር በዚህ በኩል ይቀላል፤ ብረቱ ግን ቀንበሩን ከላይ ያከብደዋል፣ የተያዘባቸው ብሎኖችም ካልጠበቁ ይንቀጫቀጫሉ።

ኤሌክትሪክ ክራር ከሆነ በማጉያ ሳይሞከር አይገዛ። ማግኔት ፒክአፕ (የአውታሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር መሣሪያ) ናይሎንን አይሰማም፣ የብረት አውታር ይፈልጋል። ገመዱን ሰክታችሁ መሰኪያው አጠገብ ወዘወዙት፤ ከተንኮሻኮሸ ብየዳው ልል ነው።

በትእዛዝ የምታሠሩ ከሆነ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የቆዳውን ዓይነት፣ የእያንዳንዱን አውታር ውፍረትና የምትዘፍኑበትን ድምፅ ተነጋገሩ። የመጀመሪያው ክረምት ካለፈ በኋላ ቆዳው ቢላላ ማን እንደሚወጥረው፣ በስንት እንደሚወጥረውም አብራችሁ ጨርሱ። አውታሮቹን ለመንገድ ከማላላታችሁ በፊት ብርኩማው የቆመበትን ቦታ ቆዳው ላይ በእርሳስ ክበቡት፤ ከተንሸራተተ ቦታውን ቤት ውስጥ ስትፈልጉ እንዳታመሹ።