ልጅ ሲዘገይ ባሎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

አንደኛው ስህተት የሚሠራው ገና ሆስፒታል ሳይደረስ ነው። ልጅ ዘገየ ሲባል መጀመሪያ የምትላከው ሚስት ናት። አልትራሳውንድ ትነሳለች፣ የሆርሞን ምርመራ ታደርጋለች፣ የማህፀን ቱቦ ራጅ ትነሳለች፣ በመሀል ጸበል ትወሰዳለች፣ ባል ግን «እኔ ደህና ነኝ» ብሎ ቁጭ ብሏል። ልጅ አልመጣ ካላቸው ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ጋ የወንዱም ችግር አለበት፣ ብቻውን ወይም ከሚስት ችግር ጋር ተደምሮ። ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ ምርመራ የወንዱ ነው። «አልጋ ላይ ምንም አይጎድለኝም» ማስረጃ አይሆንም፤ ከሚወጣው ፈሳሽ አብዛኛው ከፕሮስቴትና ከአጠገቡ ካሉ ዕጢዎች የሚመጣ ስለሆነ፣ አንድም ስፐርም የሌለው ሰው እንኳ በዓይኑ ልዩነት ላያይ ይችላል። ዓመት ሞክራችሁ ካልሆነ፣ ሚስትህ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ደግሞ በስድስት ወር፣ አብራችሁ ተመርመሩ።

ሁለተኛው ለምርመራ የሚሰጠው የዘር ፈሳሽ ናሙና አሰጣጥ ላይ ነው። ከግንኙነት መታቀብ የሚያስፈልገው ከ2 እስከ 7 ቀን ብቻ ነው። «እንዲጠራቀም» ብሎ ሦስት ሳምንት የሚቆይ አለ፤ ብዛቱ ቢጨምርም የቆየው ስፐርም እንቅስቃሴው ይደክማል። ከቤት ይዘህ የምትመጣ ከሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ መድረስ አለበት፣ ስለዚህ የታክሲ ሰልፉን አስበህ ውጣ። ዕቃውን ፍሪጅ ውስጥ አታስገባው፣ የውስጥ ኪስህ ይበቃዋል። ሳሙና፣ ምራቅ፣ ተራ ኮንዶም አይነካካው። ትንሽ ከፈሰሰብህ ደግሞ ተናገር። ስፐርም በብዛት ያለው መጀመሪያ በሚወጣው ጠብታ ውስጥ ነው፤ እሱ ፈስሶ በእፍረት ዝም ካልክ ወረቀቱ የሌለብህን በሽታ ይጽፍብሃል።

ሦስተኛው ወረቀቱን እንደ ፍርድ ማንበብ ነው። ይሄ ብዙ ትዳር ያመሰ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛው መነሻ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ስፐርም ነው፣ ከነዚህም 42 በመቶው የሚንቀሳቀስ። ቁጥሩ ከየት መጣ? ሚስቶቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ካረገዙላቸው ወንዶች ተለክቶ ነው፣ ከነሱ ዝቅተኛዎቹ 5 በመቶ ከዚህ በታች ነበሩ። ማለትም ከመስመሩ በታች ሆነው አባት የሆኑ አሉ ማለት ነው። «ቅርፁ ጤነኛ የሆነው 4 በመቶ ብቻ» የሚል ሲያነቡ የሚደነግጡም ብዙ ናቸው፤ መነሻው ራሱ 4 ነው! ስፐርም ተሠርቶ እስኪያልቅ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል፣ ስለዚህ በቅርቡ ወባ ወይም ሌላ ከባድ ትኩሳት ይዞህ ከነበረ የዛሬው ውጤት የያኔውን ሕመም ነው የሚያሳይህ። ውጤቱ ከወረደ ቆይተህ ድገመው።

የጂም ልጆች፣ ይሄ ለናንተ ነው። ቴስቶስትሮን መርፌ ወንድነትን ስለሚጨምር ዘርንም ይጨምራል የሚሉ አሉ፣ እውነታው ግን ተቃራኒው ነው። አንጎል ከውጭ የመጣውን ሆርሞን ሲያይ «በቂ አለ» ብሎ ለቆለጥ የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል፣ ስፐርም ማምረቱም አብሮ ይቆማል። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የዓለም ጤና ድርጅት በየሳምንቱ የሚሰጥ የቴስቶስትሮን መርፌን ለወንዶች የወሊድ መከላከያነት ሞክሮታል። ካቆምክ በኋላ ለመመለስ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። ሲጋራና ጫትም አይረዱህም።

«ዜሮ ነው ተባልኩ» ብሎ ተስፋ መቁረጥም አለ። ዜሮ ሁሉ አንድ አይደለም። ቆለጡ እያመረተ መንገዱ ብቻ የተዘጋ ሊሆን ይችላል፣ ለምሳሌ በደንብ ሳይታከም በቀረ ጨብጥ። እ.ኤ.አ. በ1992 ብራስልስ ላይ አንድ ስፐርም በመርፌ እንቁላል ውስጥ አስገብቶ እርግዝና ማግኘት እንደሚቻል ከታየ ወዲህ ስፐርሙን በቀጥታ ከቆለጥ ማውጣትም አማራጭ ሆኗል።

ከላብራቶሪ ወጥቶ በቀጥታ ቫይታሚን ፍለጋ ፋርማሲ የሚገባም አለ። ቫሪኮሲል የሚባለው የቆለጥ ደም ሥር እብጠት የመጀመሪያ ልጅ ለመውለድ ከተቸገሩ ወንዶች 40 በመቶ ያህሉ ላይ ይገኛል፣ እሱን የሚያገኘው ደግሞ የዩሮሎጂስት (የሽንት ቧንቧና የወንድ ብልት ሐኪም) እጅ እንጂ ማይክሮስኮፕ አይደለም። ስትሄድ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዘህ ሂድ። ለፕሮስቴት የሚታዘዘው ታምሱሎሲን ፈሳሹን ሊቀንሰው ወይም ወደ ፊኛ ሊመልሰው ይችላል፣ ስኳርም ነርቭ ሲጎዳ እንደዚሁ ያደርጋል።