ቤቶች ላይ ለተመደብክ፣ እኔ የተሳሳትኩትን አትድገም

የወንድሜ ልጅ በቤቶች አስተዳደር ባለሙያነት ተቀጠረና «ምን ልጠንቀቅ?» አለኝ። ጎጃም ውስጥ ሦስት ከተማ በዚሁ ሥራ ዞሬያለሁ። ጉቦ እንዳትበላ ብዬ ልጀምርለት ነበር፣ ተውኩት። እሱን ማንም ይነግረዋል። እኔ የማውቀው ትንንሾቹን ነው።

አንደኛ፣ በቃል አትፍቀድ። ክረምት ነበር፣ ጀማሪ ነበርኩ። አንዲት እናት ነጠላቸው እርጥብ ብሎ ቢሮዬ ገቡ። «ልጄ፣ ጣሪያው አናቴ ላይ ሊወርድ ነው፤ ላሳድሰው?» አዘንኩ። «ያሳድሱ እማማ፣ ችግር የለውም» አልኩ። ማመልከቻ የለ፣ ፊርማ የለ። እሳቸው ደግሞ ቆርቆሮውን ሲያስቀይሩ እግረ መንገዳቸውን በጓሮ በኩል አንዲት ክፍል አስቀጠሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያለ ፈቃድ የተሠራ ነው ተብሎ ፈረሰ። ሲፈርስ እኔም ቆሜ ነበር። «ይኸው፣ ይሄ ልጅ ነው የፈቀደልኝ» ብለው ሲጠቁሙኝ አንድ ቃል አልወጣኝም። አሁንም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል፣ እሱ ነው የሚብሰኝ። ከዚያ ወዲህ ለአንድ መስኮት እንኳ በጽሑፍ ነው፣ ልኬቱ ተጠቅሶ።

ሁለተኛ፣ ማህደሩን ከላይ ብቻ አታንብብ። ብዙው የቀበሌ ቤት ታሪኩ የሚጀምረው በሐምሌ 1967 ከወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። ያኔ ትርፍ ቤት ሲወረስ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው «ኪራይ ቤቶች» ለሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄደ። ስለዚህ ከታች ጀምር፤ መጀመሪያ ማን ተከራየ፣ እሱ ሲሞት ማን በምን ውሳኔ ቀጠለ። ስርዝ ድልዝ ያለበት ስም ካየህ እሱን ሳታጣራ አትፈርም። አለቃህ ቢቸኩልም።

ሦስተኛው፣ ቁልፍ ሲሸጥ፣ ማለትም ተከራዩ የቀበሌውን ቤት በስውር ለሌላ ሰው ሲያስተላልፍ፣ እያዩ ዝም ማለት ነው። ተከራዩ ከተማ ለቆ ከሄደ ቆይቷል፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ይኖራል፣ ኪራዩ ግን በድሮው ስም በየወሩ ስለሚከፈል ደረሰኝ ትቆርጣለህ። ስትጠይቅ «የአክስቴ ልጅ ነው» ይሉሃል። እኛ አገር ደግሞ ያልተዛመደ ሰው የት ይገኛል! ቢያንስ በዓመት አንዴ ሄደህ በሩን አንኳኳ።

ከዚያ የበዓል ማር አለ። ገንዘብ ቢሆን ትደነግጥ ነበር፤ ይሄ ግን ለፋሲካ የመጣ አንድ ጣሳ ማር ነው፣ «ለልጆቹ ነው» ተብሎ። አልቀበልም ማለት ነውር ይመስላል። እኔም አንዴ ተቀበልኩ። በሳምንቱ ሰውየው መጣ፣ ስለ ማሩ አንድም ነገር አላነሳም። እኔ ግን ማህደሩን ከክምሩ ሥር መዝዤ ከላይ ሳስቀምጠው የገዛ እጄን ታዘብኩት።

ሕግም በወሬ አትናገር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 ሲወጣ ስንቱ ባለሙያ ሳያነበው አስረዳ! ሁለት ዓመትና ሁለት ወር የሚለውን አደባልቆ አከራይና ተከራይ ያጋጨ አውቃለሁ። ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያው ደግሞ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ይህችን ለማወቅ የግማሽ ሰዓት ንባብ ይበቃ ነበር።

የመጨረሻው፣ ስትዛወር የመሳቢያውን ቁልፍ ብቻ ሰጥተህ አትሂድ። ከአንዱ ከተማ በለቀቅኩ በዓመቱ «አንድ ማህደር ጠፍቷል፣ ናና አስረዳ» ተብዬ ተጠራሁ። ያስረከብኳቸውን ማህደሮች ቁጥር አንድ በአንድ ጽፌ፣ ተረካቢውን አስፈርሜ፣ ኮፒውን ቤቴ አስቀምጬ ነበር። ሁለት ገጽ ናት። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላቸው፣ አዩት፣ ተያዩ። ለምሳ ሳልቆይ በመጣሁበት መኪና ተመለስኩ።