ትራንስፈር አድርጋችሁ ኤይዱ ሲጠፋ፦ ችግርና መፍትሄ

ከሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ፣ ወይም ከኖቫ (ከኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ስትሻገሩ ክሬዲታችሁ አብሯችሁ ይሻገራል። ኤይዱ፣ ማለትም ለትምህርት የሚሰጣችሁ የገንዘብ እርዳታ ግን እዚያው ይቀራል። ፔል ግራንቱንም (የማይመለሰውን የፌዴራል እርዳታ) ሎኑንም (ብድሩን) አስልቶ የሚሰጠው የምትማሩበት ትምህርት ቤት ስለሆነ፣ አዲሱ ሁሉንም ከዜሮ ይጀምራል። የጎደለ ወረቀት ካለም ማንም ደውሎ አይነግራችሁም፤ ፖርታሉ (የተማሪ ገጻችሁ) ላይ አንድ መስመር ይጻፍና ዝም ነው። ምሳሌዎቼ የዲኤምቪ (የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ አካባቢ) ናቸው፣ የፌዴራሉ ክፍል ግን የትም ስቴት ያው ነው።

ፋፍሳ ሞልቻለሁ፣ አዲሱ ፖርታል ላይ ግን ምንም የለም

ፋፍሳ ማለት ኤይድ የሚጠየቅበት የፌዴራል ፎርም ነው። መጀመሪያ እዚያ ላይ የትምህርት ቤቱን ኮድ እዩ። ፎርሙ ላይ ያለው የድሮው ኮሌጅ ብቻ ከሆነ አዲሱ ስለናንተ የሚያውቀው ነገር የለም። እንደገና መሙላት አያስፈልግም፤ የሞላችሁትን ከፍታችሁ ኮዱን መጨመር ብቻ ነው። የሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ 002103፣ የጆርጅ ሜሰን 003749 ነው። ፎርሙ እስከ 20 ትምህርት ቤት ስለሚይዝ ገና ሳትወስኑም ያመለከታችሁበትን ሁሉ አስገቡ።

ኮዱ እያለ ካልታየ ስማችሁን ጠርጥሩ። ይሄ የኛ ሰው ችግር ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ የአባት ስም መሃል ገብቶ የአያት ስም መጨረሻ ላይ ተጽፏል፣ የዩኒቨርሲቲው ማመልከቻ ላይ ደግሞ ልጁ እንደለመደው የአባቱን ስም መጨረሻ አድርጎ አያቱን ትቶታል፣ ሲስተሙ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን በምን ይወቅ? በሶሻል ካርዱ ሂዱ። ፋፍሳው ከካርዱ ጋር ከገጠመ፣ ካርዱን ይዛችሁ ሬጅስትራር (የተማሪ መዝገብ ቢሮ) ጋ ሄዳችሁ የዩኒቨርሲቲውን አስተካክሉ።

ሌላው ወላጅ ነው። እናንተ ጨርሳችሁ ብትፈርሙም ወላጃችሁ በራሱ አካውንት ገብቶ ካልፈቀደና ካልፈረመ ፎርሙ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሶሻል የሌለው ወላጅም አካውንት መክፈት ይችላል። የአባትን ስልክ ተቀብሎ በሱ ስም መፈረም የለመድነው ነገር ቢሆንም አታድርጉት፤ አጠገቡ ቁጭ በሉና ራሱ ይጫን።

የምኖረው አጎቴ ጋ ነው፣ ወላጆቼ አዲስ አበባ ናቸው

ብዙ ልጅ እዚህ ላይ የአጎቱን ገቢ ያስገባና ነገሩን ያበላሻል። አጎት፣ አክስት ወይም ታላቅ እህት በሕግ በማደጎ ካልወሰዷችሁ በቀር ለፋፍሳ ወላጅ አይደሉም። 24 ዓመት ካልሞላችሁ፣ ካላገባችሁ፣ የራሳችሁ ልጅ ከሌላችሁና ፍርድ ቤት አሳዳጊ ካልሾመላችሁ በአብዛኛው የምትቆጠሩት በወላጆቻችሁ ሥር ነው። የሚገባውም አዲስ አበባ ያሉት ወላጆቻችሁ ገቢ ነው፣ በዶላር ተመንዝሮ። ይሄ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይጠቅማችኋል፤ የአዲስ አበባ ደሞዝ ተመንዝሮ አጎት ኡበር ነድቶ ከሚያገኘው ጋር የት ይገናኛል? ከወላጆቻችሁ ጋር ጨርሶ መገናኘት የማትችሉበት ምክንያት ካለ ያለ ወላጅ ገቢ እንዲያዩላችሁ ለኤይድ ቢሮው ማስረጃ አያይዛችሁ ጻፉ። የድሮው ኮሌጅ ፈቅዶልኛል ብላችሁ ግን አትዘናጉ፣ አዲሱንም መጠየቅ አለባችሁ።

ሂሳቡን ሳየው ልቤ ልትቆም ነበር

እዚህ ጋ ብዙ ጊዜ ኤይዱ ደህና ነው፣ የተሳሳተው ክፍያው ነው። ከስቴት ውጭ የመጣ ተማሪ ተብላችሁ ተመዝግባችኋል ማለት ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ነዋሪ ናችሁ ማለቱ ለዩኒቨርሲቲው አይበቃውም። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ቢያንስ 12 ወር እዚያው ስቴት መኖራችሁን ማየት ይፈልጋሉ፦ የኪራይ ውል፣ የስቴት ታክስ፣ መንጃ ፈቃድ። ኪራይ ይሻላል ብሎ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ የገባ ሰው ቆጠራውን እንደ አዲስ ይጀምራል። ነዋሪ ነኝ ብላችሁ የምታስገቡት ይግባኝ የጊዜ ገደብ ስላለው ሴሚስተሩ ሳይጀመር ጨርሱት።

ሎኑ ካሰብኩት አነሰ

በወላጅ ሥር ለሚቆጠር ተማሪ የፌዴራል ሎን ጣሪያው አንደኛ ዓመት 5,500 ዶላር፣ ሁለተኛ ዓመት 6,500፣ ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ 7,500 ነው። ዓመቱ የሚቆጠረው አዲሱ ትምህርት ቤት በተቀበላችሁ ክሬዲት ነው። ትራንስክሪፕቱን የመጨረሻው ሴሚስተር ውጤት ሳይገባ ልካችሁ ከነበረ ሦስተኛ ዓመት ሆናችሁ ሁለተኛ ትባላላችሁ። ውጤቱ ሙሉ በሙሉ ከገባ በኋላ የመጨረሻውን ትራንስክሪፕት እንደገና አስልኩ፣ ከዚያ ክሬዲቱ መቆጠሩን ፖርታሉ ላይ ስታዩ ለኤይድ ቢሮው ዓመቴን እንደገና እዩልኝ ብላችሁ ጻፉ። ሳትጠይቁ የሚስተካከልበት ቦታ አለ፣ የማይስተካከልበትም አለ።

በጥር የምትዛወሩ ከሆነ ደግሞ የስፕሪንጉ ብር በድሮው ኮሌጅ ስም ተይዞ ሊሆን ይችላል። በአንድ ሴሚስተር ከሁለት ትምህርት ቤት ፔል መውሰድ አይቻልም። ለድሮው ኮሌጅ የስፕሪንጉን ሰርዙልኝ ብላችሁ በኢሜይል ጻፉ፣ መልሱንም አስቀምጡት።

ፔሉ ጭራሽ ጠፋ

ኢትዮጵያ ውስጥ ዲግሪ ጨርሳችሁ ከነበረ መልሱ ይሄ ነው። ባችለር ያለው ሰው፣ ዲግሪው ከየትም አገር ይምጣ፣ ፔል አያገኝም። ዲግሪውን መደበቅ ግን እንዳታስቡት። ዩኒቨርሲቲው የተማራችሁበትን ሁሉ ይጠይቃል፣ ለፌዴራል ገንዘብ ውሸት መሙላት ደግሞ ወንጀል ነው። ሎን ግን አሁንም ይፈቀድላችኋል። ዲግሪ ከሌላችሁ የዕድሜ ልክ ጣሪያውን እዩ፤ ፔል በድምሩ የ6 ዓመት ሙሉ ጊዜ ነው፣ ስንት እንደቀራችሁ ስቱደንት ኤይድ ዶት ጎቭ ላይ ስትገቡ ይታያል። ክሬዲት መቀነስም ብሩን ይቀንሳል፦ ሙሉ የሚባለው 12 ክሬዲት ነው፣ 9 ከወሰዳችሁ የሚሰጣችሁ 75 በመቶው ነው።

የስቴት ገንዘብ ሌላ ሂሳብ ነው። የሜሪላንድ ቀን ማርች 1 ነው፣ እና ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አሶሺዬት ዲግሪ ይዘው ለሚዛወሩ ያለው 2+2 ስኮላርሺፕ ፋፍሳ ስለሞላችሁ ብቻ አይመጣም፣ ለብቻው ማመልከቻ ይገባበታል።

ይሄን ሁሉ እያስተካከላችሁ የክፍያው ቀን ከደረሰ ዝም አትበሉ። ሂሳብ ክፍሉን የክፍያ ፕላን ጠይቁና የመጀመሪያዋን ክፈሉ፤ ካልሆነ የቅጣት ክፍያ ይጨመርባችኋል፣ አንዳንዱ ትምህርት ቤት ደግሞ የተመዘገባችሁበትን ክላስ ራሱ ያወርደዋል።