ለዋና የጂፒኤስ ሰዓት ስትመርጡ መጀመሪያ የምትዋኙበትን ውሃ እዩ

ጂፒኤስ ውሃ ውስጥ አይሰራም። ለዋና ብሎ ስማርት ሰዓት የሚገዛ ሰው ከሁሉም በፊት ይህቺን ማወቅ አለበት። ምልክቱ የሚመጣው 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች ነው። እኛ ጋ ሲደርስ እጅግ የደከመ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሳይወርድ ድምጥማጡ ይጠፋል። ሰዓቱ ውድም ሆነ ርካሽ ይህ አይቀየርም። ስለዚህ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ሁለት ነገር ለራሳችሁ መልሱ፦ የት ነው የምዋኘው? በምን ዓይነት ስልት ነው የምዋኘው?

መልሳችሁ «ገንዳ ብቻ» ከሆነ ጂፒኤሱ ለዋናችሁ ምንም አያደርግላችሁም። ሩጫና ብስክሌት ካለበት ይጠቅማችኋል፤ ለገንዳው ተብሎ ግን ሳንቲም አይጨመርበትም። ሐይቅ ወይም ባሕር ላይ የምትዋኙ ከሆነ ጨዋታው ሌላ ነው፣ እሱን ከታች እመጣበታለሁ።

ገንዳ ውስጥ ሰዓቱ እንዴት ይቆጥራል?

ውስጡ እንቅስቃሴ የሚለካ አክሰለሮሜትር አለ፣ ብዙዎቹ ላይ መሽከርከርን የሚለካ ጋይሮስኮፕም ይጨመርበታል። እጃችሁ ሲቀዝፍ ይሰማዋል። ግድግዳ ጋ ደርሳችሁ ስትዞሩ፣ በእግራችሁ ገፍታችሁ ስትንሸራተቱም ይሰማዋል። ከዚያ የቆጠረውን ዙር እናንተ በነገራችሁት የገንዳ ርዝመት ያባዛዋል። በቃ፣ ሒሳቡ ይኸው ነው። ርዝመቱን ከተሳሳታችሁ ሁሉም ነገር አብሮ ይሳሳታል። 25 ሜትርና 25 ያርድ ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ 25 ያርድ ግን 22.86 ሜትር ነው። 40 ዙር ብትዋኙ (አንድ ዙር ስል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ማለቴ ነው) ሰዓቱ 1000 ሜትር ይላችኋል፣ እናንተ የዋኛችሁት ግን 914 ሜትር ነው። ፍጥነታችሁም በዚያው ልክ ከእውነቱ በላይ አምሮ ይታያል።

የምትዋኙበት ገንዳ 25 ወይም 50 ሜትር ካልሆነ፣ ርዝመቱን ራሳችሁ በቁጥር የምታስገቡበት ሴቲንግ መኖሩን አረጋግጡ። የሚቀበለው ዝቅተኛ ርዝመት ስንት እንደሆነም ጠይቁ። በጣም አጭር ገንዳ የማይቀበሉ ሰዓቶች ብዙ ናቸው፣ 20 ሜትር እንኳን ካልሞላ አልቆጥርም የሚሉ አሉ።

አቆጣጠሩ ሲሳሳት ማወቅ ቀላል ነው። ዋናችሁን ጨርሳችሁ አፑን ክፈቱና እያንዳንዱ ዙር የወሰደውን ሰከንድ ተመልከቱ። 31፣ 30፣ 62፣ 31 የሚል ካያችሁ ሦስተኛው ላይ ግድግዳው አምልጦታል፤ ሁለት ዙር እንደ አንድ ተቆጥሯል ማለት ነው። ተቃራኒው ደግሞ 31፣ 14፣ 17፣ 30 ዓይነት ነው። መሃል ላይ ከሰው ጋር እንዳትጋጩ ቀጥ ብላችሁ ወይም ስልት ቀይራችሁ ነበር፣ እሱ ደግሞ ዞራችኋል ብሎ አሰበ። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ከእኛው አዋኛኘት ነው። ግድግዳውን በደንብ ገፍቶ ለሚንሸራተት፣ አንድን ዙር በአንድ ስልት ለሚጨርስ ሰው ርካሹም ሰዓት በትክክል ይቆጥራል። ጀማሪ ከሆናችሁና ገና በየመሃሉ የምትቆሙ ከሆነ ግን ምንም ብትገዙ ቁጥሩ ይዘበራረቃል፤ ስለዚህ አሁን ውድ ሰዓት አያስፈልጋችሁም።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ኪክቦርድ (በእጅ የሚያዝ ተንሳፋፊ ሰሌዳ) ይዛችሁ በእግር ብቻ ስትመቱ እጃችሁ አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ አብዛኞቹ ሰዓቶች ምንም አይቆጥሩም። ከአሰልጣኝ ጋር የምትሠሩ ከሆነ ከልምምዳችሁ ትልቁ ክፍል እንዲህ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ የድሪል ሎግ የሚባል ነገር ያላቸው ሰዓቶች አሉ፤ ጋርሚን ላይ ለምሳሌ ታገኙታላችሁ። ልምምዱን ስትጨርሱ «100 ሜትር» ብላችሁ በእጅ ታስገቡለታላችሁ። እኔ ለገንዳ ዋናተኛ ከምመክራቸው ነገሮች ይህ ከላይኞቹ ነው፣ ምክንያቱም ያለሱ የሳምንት ድምራችሁ ሁልጊዜ ጎደሎ ነው።

ሌላው ቁልፍ ነው። እውነተኛ፣ በጣት የሚጫን ቁልፍ። ተች ስክሪን ውሃ ሲነካው ጣት የነካው ይመስለዋል፣ ስለዚህ ሰዓቶቹ ዋና ሲጀመር ስክሪኑን ይቆልፉታል። አፕል ዋች ላይ ለምሳሌ የውሃ መቆለፊያው በራሱ ይበራል፤ ለማቆም ወይም ለመቀጠል ዘውዱን (የሚሽከረከረውን ቁልፍ) እና የጎኑን ቁልፍ አንድ ላይ ትጫናላችሁ። ይሰራል፣ ግን ትንፋሽ እያጠራችሁ 10 ሰከንድ እረፍት ላይ ሁለት ቁልፍ መፈለግ ያሰለቻል። አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ «አረፍኩ»፣ ደግማችሁ ተጭናችሁ «ጀመርኩ» የምትሉበት ሰዓት ለገንዳ ይሻላል። ዕረፍትን በራሱ የሚያውቅ ሰዓትም አለ፤ ምቹ ነው፣ ነገር ግን መቆማችሁን የሚያውቀው ትንሽ ቆይቶ ስለሆነ አጫጭር ዕረፍቶችን ያበላሻቸዋል።

ቁጥሮቹን በተመለከተ፣ ስዎልፍ የሚባለውን ብዙ ታዩታላችሁ። አንድ ዙር የወሰደባችሁ ሰከንድ ሲደመር የቀዘፋችሁት ብዛት ነው። 30 ሰከንድና 10 ቅዝፊያ ከሆነ 40። ሲቀንስ ጥሩ ነው ይባላል፤ ግን ከጓደኛችሁ ጋር አታወዳድሩት፣ ምክንያቱም ቁመትም የገንዳ ርዝመትም ይቀይረዋል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ሰዓቶች የሚቆጥሩት ሰዓቱን ያሰረውን እጅ ብቻ ነው። ከራሳችሁ ካለፈው ወር ጋር ብቻ አወዳድሩት።

ከሱ ይልቅ የሚጠቅማችሁ ሲኤስኤስ የሚሉት ነው፣ ማለትም ሳትዝሉ ረዘም ላለ ጊዜ ልትይዙት የምትችሉት ፍጥነት። 400 ሜትር ባላችሁ አቅም ትዋኛላችሁ፣ በደንብ ታርፋላችሁ፣ ከዚያ 200 ሜትር። 400ው 8 ደቂቃ፣ 200ው 3 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ወሰደ እንበል። ልዩነቱ 255 ሰከንድ ነው፤ ለ2 ስታካፍሉት በ100 ሜትር 2 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ተኩል ይመጣል። ሰዓቱ ይህን ፈተና በውስጡ ካለው ጥሩ፤ ከሌለው በወረቀትም ይሰላል። ቁም ነገሩ ከዚያ በኋላ በዚህ ፍጥነት የሚያስኬዳችሁ፣ ስትዘገዩ ወይም ስትቸኩሉ እጃችሁ ላይ የሚንቀጠቀጥ ሰዓት ማግኘት ነው።

ሐይቅና ባሕር ላይ

እዚህ ጂፒኤስ ሥራ አለው፣ ግን የሚሰራው እጃችሁ ከውሃ በወጣችበት ቅጽበት ብቻ ነው። ፍሪስታይል ስትዋኙ እጃችሁ በየቅዝፊያው ወደ አየር ይወጣል፤ ሰዓቱ በዚያች አፍታ ሳተላይት ይይዝና የቀረውን መንገድ ገምቶ ያገናኛል። የጀርባ ዋናም ደህና ነው። በደረት ለሚዋኝ ሰው ግን፣ ማለትም ብረስትስትሮክ፣ እጅ ከውሃ በታች ስለሚቆይ ሰዓቱ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ እንደታሰረ ነው፣ ካርታው ላይም የሰከረ ሰው መንገድ የመሰለ መስመር ታገኛላችሁ። በደረት የምትዋኙ ከሆነ በጣም ውዱም አይረዳችሁም። መፍትሔው ሰዓቱን ከዋና ኮፍያችሁ ሥር፣ ከጭንቅላታችሁ ኋላ ማድረግ ነው፤ ወይም ከወገብ ታስሮ በሚጎተተው ተንሳፋፊ ቦርሳ ውስጥ ከላይ በኩል ማስቀመጥ። መስመሩ ወዲያው ይስተካከላል። በምትኩ የልብ ምትና የቅዝፊያ ቁጥር ታጣላችሁ።

ሣጥኑ ላይ «ዋና» የሚል ቃል ስላያችሁ ክፍት ውሃንም (ሐይቅና ባሕርን) ይይዛል ብላችሁ አትደምድሙ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ጂፒኤስ አለው፣ የዋና ሞድ አለው፣ የክፍት ውሃ ዋና ሞድ ግን የለውም። ጋርሚን ፎርራነር 55 ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ለሩጫም ለገንዳም ይሆናል፣ ለክፍት ውሃ ግን የተለየ ሞድ የለውም። ፎርራነር 165 እና ኮሮስ ፔስ 3 ሁለቱም አላቸው። ሞዱ የሚያስፈልገው ሰዓቱ የሚጠፋና የሚመጣ ምልክትን እንዴት እንደሚያስተካክል የሚያውቀው በሱ ስለሆነ ነው። የሩጫ ሞድ አብርታችሁ ብትገቡ እጃችሁ የሚወዛወዝበትን ሁሉ ርቀት አድርጎ ሊደምርላችሁ ይችላል።

ትራያትሎን ካሰባችሁ ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን በአንድ ቁልፍ የሚያሸጋግር የመልቲስፖርት ሞድ ፈልጉ። የኦሊምፒክ ርቀቱ ዋና 1.5 ኪሎ ሜትር፣ የሙሉ አይረንማን (የረጅሙ ትራያትሎን) 3.8 ኪሎ ሜትር ነው። ከሱ በኋላ ያለውን ብስክሌትና ሩጫ ስትደምሩት ለብዙ ሰው ከ10 ሰዓት በላይ የሚሄድ ቀን ነውና ባትሪው ጂፒኤስ በርቶ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ እዩ፤ «14 ቀን ይቆያል» የሚለው ቁጥር ጂፒኤስ ሳይበራ ነው።

በሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚሰራ፣ ኤል1 እና ኤል5 የሚባሉትን የሚይዝ ጂፒኤስ ብዙ ይወራለታል። ረጃጅም ፎቆች መሃል ወይም ገደል ሥር ለሚሮጥ ሰው በእውነት ይጠቅማል። ገላጣ ውሃ ላይ ግን ሰማዩ ቀድሞውንም ክፍት ነው፣ ችግሩ እጃችሁ መጥለቁ ነው። ካለው ተጠቀሙበት፣ ለዋና ብቻ ብላችሁ ግን ተጨማሪ አትክፈሉ።

ትክክለኛነቱን ከምንም በላይ የሚያሻሽለው ነገር ነፃ ነው። ውሃ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ዳር ላይ ቆማችሁ ሰዓቱ ሳተላይት እስኪይዝ ጠብቁ፣ ከያዘም በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ ጨምሩለት። ከዚያ ጀምሩና ግቡ። ስትወጡም እጃችሁን ከውሃ አውጥታችሁ አቁሙት።

ሰዓት ሕይወት አያድንም፤ በሲም የሚደውለውም ውሃ ሥር ሲሆን ኔትወርክ የለውም። ብቻችሁን አትግቡ፣ ደማቅ ቀለም ያለው ተንሳፋፊ ጎትቱ።

ሣጥኑ ላይ የሚጻፈው 5 ኤቲኤም ማለት ምን ማለት ነው?

50 ሜትር ጥልቀት ላይ ካለ የቆመ ውሃ ግፊት ጋር የሚመጣጠን ሙከራ አልፏል ማለት ነው። 50 ሜትር ጥለቁበት ማለት አይደለም። ለዋና 5 ኤቲኤም ይበቃል። አይፒ68 (ሌላ የውሃና የአቧራ መከላከያ ደረጃ) ብቻ የተጻፈበትን ግን ለዋና አትግዙ፣ አምራቹ ራሱ ለዋና ይሆናል ካላለ በስተቀር። ስኩባ ለሚጠልቅ ሰው ለዳይቪንግ የተሠራ ሌላ ዓይነት ሰዓት አለ።

ውሃ የሚከለክሉት ትናንሽ ጎሚኒዎች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ያረጃሉ። ሙቅ ሻወር፣ ሳውና፣ ሳሙና ቶሎ ይጎዷቸዋል። ያገለገለ ሰዓት የምትገዙ ከሆነ ይህንን አስቡበት፤ ሦስት ዓመት ገንዳ የገባ፣ ወይም ስክሪኑ ተፈትቶ የተቀየረ ሰዓት ሣጥኑ ላይ 5 ኤቲኤም ስላለ ብቻ አይታመንም። ከክሎሪንም ከጨው ውሃም በኋላ በንጹህ ውሃ አለቅልቁት፣ ቻርጅ የሚሰካበትን ሳታደርቁ አትሰኩት።

የልብ ምት

እጅ ላይ ባለው አረንጓዴ መብራት የሚለካው የልብ ምት ውሃ ውስጥ ብዙ አይታመንም። በቆዳችሁና በሴንሰሩ መሃል ውሃ ይገባል፣ እጁም ያለማቋረጥ ይወናጨፋል። ማሰሪያውን ከወትሮው አንድ ቀዳዳ አጥብቁት፣ ከእጅ አንጓችሁ አጥንት ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ ይሻሻላል፣ ግን ፍጹም አይሆንም። የደረት ቀበቶ ይሻላል። ብሉቱዝም ውሃ አያሻግረውም፣ ስለዚህ የራሱ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ያለው ቀበቶ መሆን አለበት፦ እየዋኛችሁ ይመዘግብና ስትወጡ ወደ ሰዓቱ ወይም ወደ ስልኩ ይልከዋል። ፖላር ኤች10 ለምሳሌ መዝግቦ ወደ ስልክ ይልካል። እየዋኛችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩን በቀጥታ አታዩትም። ለአብዛኛው ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም፤ በ100 ሜትር የሚወስድባችሁ ሰከንድ ከልብ ምቱ የተሻለ ይነግራችኋል።

ስክሪኑን በመነጽር ሞክሩት። የዋና መነጽራችሁን ይዛችሁ ሂዱና አድርጋችሁ እዩ። ፖላራይዝድ መነጽር አንዳንድ ስክሪኖችን በአንድ አቅጣጫ ጥቁር ያደርጋቸዋል። በአንድ ገጽ ሁለት ወይም ሦስት ትልልቅ ቁጥር ብቻ ማሳየት ይችላል ወይ? እጅ ሲነሳ የሚበራ ስክሪን ዋና ላይ ስለሚዘገይ ሁልጊዜ በርቶ የሚቆይበት አማራጭ ይኑረው። ማሰሪያው ሲሊኮን ይሁን፣ ጨርቅ ነገር ውሃ ይጠጣና ይላላል። ሐይቅ ላይ አልፎ አልፎ ብቻ የምትገቡ፣ ሌላውን ጊዜ ገንዳ የምትሆኑ ከሆነ ቁልፍ ያለውን፣ ቀለል ያለውንና ሁለቱም ሞድ ያለውን መካከለኛ ሰዓት ግዙ። ለዋና ከዚያ በላይ መውጣት አያስፈልግም።

ገዝታችሁ ስትመለሱ ደረሰኙን አትጣሉ። መመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ገንዳ ግቡና ራሳችሁ እየቆጠራችሁ 20 ዙር ዋኙ፣ 10ሩን በፍሪስታይል፣ 10ሩን በሌላ በምትወዱት ስልት። በትክክል እየገፋችሁ ሁለትና ሦስት ዙር ከሳተ፣ ርዝመቱን በትክክል ማስገባታችሁን አይታችሁ፣ ሶፍትዌሩን አድሳችሁ አንዴ ድገሙት። አሁንም ከሳተ መልሱት።