የሁሉም ታካሚ ትንፋሽ 20 አይደለም

አዲስ ነርሶች ወደ ዋርዳችን ሲመደቡ መጀመሪያ የማሳያቸው የቫይታል ሳይን ቅጹን፣ የታካሚው የሕይወት ምልክቶች ተለክተው የሚጻፉበትን ወረቀት ነው። የደም ግፊቱ ይለያያል፣ የልብ ምቱ ይለያያል፣ በደቂቃ የሚቆጠረው ትንፋሽ ግን ከአልጋ 1 እስከ አልጋ 12 ድረስ 20፣ 20፣ 20። የእኩለ ሌሊቱም 20፣ የንጋቱም 20። ማንም አልቆጠረም ማለት ነው።

ተማሪ ሳለን ሥነ ምግባርን በትልልቅ ጥያቄዎች ነው የተማርነው፤ የመተንፈሻ ማሽኑ ይነቀል አይነቀል፣ አንድ አልጋ ለሁለት ታካሚ ሲሆን ለማን ይሰጥ። ዋርድ ውስጥ ግን ፈተናው የሚመጣው ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ እስክሪብቶ ይዛችሁ ስትቆሙ ነው።

በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ የደም ግፊት ለሚያመጣው መንቀጥቀጥ የሚሰጠው ማግኒዚየም ሰልፌት የተጀመረላት እናት አለች እንበል። ቀጣዩ መጠን ከመሰጠቱ በፊት ሦስት ነገር ይታያል፦ ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 እንዳያንስ፣ ጉልበቷ ሲመታ እግሯ እንዲመልስ፣ ሽንቷ ባለፉት 4 ሰዓታት በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር እንዳይወርድ። መድኃኒቱ ደሟ ውስጥ ሲጠራቀም መጀመሪያ የጉልበቱ ምላሽ ይጠፋል፣ ከዚያ ትንፋሽ ይደክማል። ካልሲየም ግሉኮኔት የሚባል ማርከሻ አለው፤ ነገር ግን ካርዷ ላይ 20 ተጽፎላት ሳለ ማን አስቦ ይሰጣታል?

አንድ ሌሊት በርክክብ ላይ "ደህና ናት" የተባለችውን እናት ብርድ ልብሷን ገለጥ አድርጌ ደረቷን እያየሁ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ። 11 ነበር። ጉልበቷን ብመታው እግሯ አልተንቀሳቀሰም። ሐኪሙ ተጠራ፣ ማርከሻው ተሰጣት፣ ዳነች። ቅጹን የሞላችው ልጅ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ብዙ ታካሚ ይዛ ደክሟት ነበር። ልጆቼ፣ ካልቆጠራችሁ ባዶውን ተዉት። ባዶ ቦታ ያየ ተረኛ "ይቺ አልታየችም" ብሎ ወደ እሷ ይሄዳል፤ 20 ያየ ግን አልፏት ይሄዳል።

መድኃኒቱን ሳይሰጡ አስቀድሞ መፈረምም ያው ነው።

ስህተትን መደበቅ ላይ የምናገረው ከራሴ ነው። በሁለተኛ ዓመቴ፣ ስማቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት ሴቶች ተኝተው፣ የአልጋ 9ኟን ሴፍትሪአክሶን የሚባል አንቲባዮቲክ ለአልጋ 7ኟ ሰጠሁ። ካርዱን ስመልስ ገባኝ፤ እጄ ቀዘቀዘ። አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም አልኩ። ያቺ ሴትዮ ለመድኃኒቱ አለርጂ ቢኖራት ኖሮ ያ አንድ ሰዓት ሕይወቷ ነበር። በኋላ ለዋርዱ ኃላፊ ስነግራት የጠየቀችኝ "አሁን እንዴት ናት?" ብቻ ነው። ለሐኪሙም ለሴትዮዋም አብረን ነገርናቸው። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ መድኃኒቱ ሳይሆን ዝምታዬ ነው።

ምስጢር የሚወጣው በሐሜት ብቻ አይመስላችሁ። ስንመረቅ ሻማ ይዘን የታካሚን ምስጢር እንጠብቃለን ብለን ምለናል፤ ከዚያ ስምንት አልጋ ባለበት ክፍል ታካሚዎችን እየዞርን በምናይበት ራውንድ ላይ ድምፃችንን ሳንቀንስ "አርቪአይ ፔሸንት ናት" እንላለን። ያ ቃል ኤችአይቪ ማለት እንደሆነ አስታማሚዎች ካወቁት ቆይተዋል። እዚያ ክፍል ውስጥ የሰፈሯ ሰው ሊኖር ይችላል።

የታካሚን ቁስል በስልክ አንስቶ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ፦ ፊቱ ባይታይም አይሆንም።

ምጥ ላይ ባለች ሴት ላይ መጮህ፣ እሷን ማመናጨቅ፣ ጭኗን በጥፊ መምታት "ለልጁ ብዬ ነው" ተብሎ አይታለፍም። የተመናጨቀች እናት ቀጣዩን ልጅ ቤቷ ትወልዳለች።

ከሁሉ የሚከብደው ቤተሰብ ስለ ታካሚው "አትንገሩት" ሲለን ነው። በእኛ አገር መርዶ በሰው መሀል፣ በጊዜው ነው የሚነገረው፤ ስለዚህ ቤተሰብ ካንሰሩን መደበቁ ከፍቅር ነው። የእኛ ስህተት ግን "ጨጓራ ነው፣ ይሻልዎታል" ብለን ራሳችን መዋሸታችን ነው። ምርመራውን መንገር የሐኪሙ ነው፤ እኛ ግን ታካሚውን መጠየቅ እንችላለን። አንድ ገበሬ አባት ልጆቻቸው ውጪ በወጡበት ሰዓት "አባባ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?" አልኳቸው። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው "ልጆቼ እንዳላውቅ ይፈልጋሉ፤ እኔ ግን መሬቱን ሳላካፍላቸው ብሄድ ይጣላሉ" አሉኝ። ሐኪሙና ትልቁ ልጃቸው ባሉበት ተነገራቸው። በማግስቱ የንስሐ አባታቸውን አስጠሩ።