ሞዴል ባቡራችሁን ከአሻንጉሊትነት ማውጣት፦ ዝገት፣ ጥቀርሻና የወሎ አፈር

ከካርቶኑ የወጣ ሞዴል ባቡር የፈለገ ውድ ቢሆን አሻንጉሊት የሚያስመስለው ሁለት ነገር ነው፣ አንዱ ማብለጭለጩ ሁለተኛው ደግሞ ከጣራው እስከ ጎማው እኩል ንፁህ መሆኑ። ስራ ላይ ያለ ባቡር እኮ እንደዛ ሆኖ አያውቅም። ስለዚ ሎኮሞቲቭና ፉርጎ ላይ ትንንሽ ዝርዝር ነገሮች እንዴት እንደሚጨመሩና እንዴት እንደሚያረጁ ልፃፍላችሁ፣ ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻም ወልድያም፣ እዚሁ በሚገኝ እቃ። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ቆሻሻ ሁሉ ምክንያት አለው። ይሄ ጥቁረት ከየት መጣ፣ ይሄ ዝገት ለምን እዚጋ ሆነ ብላችሁ መመለስ ካልቻላችሁ ብሩሹን አታንሱ።

መጀመሪያ ባቡሩ የት የሚሰራ እንደሆነ ወስኑ። የድሮውን የጅቡቲ አዲስ አበባ ባቡር የምትወዱ ከሆነ ሀዲዱ 1 ሜትር ስፋት ያለው ነው፣ 784 ኪሎ ሜትር፣ ድሬዳዋ እ.ኤ.አ በ1902 አዲስ አበባ ደግሞ በ1917 የደረሰው፣ እሱ ወሎን ረግጦ አያውቅም። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ወልድያ ሀራ ገበያ የሚሄደው ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የኛ መስመር ግን 1435 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ የታሰበውም ለኤሌክትሪክ ባቡር ነው። በብዛት የሚሸጠው ኤች ኦ የሚባለው ስኬል 1 ለ 87፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ፣ ስለሆነ የኛ መስመር 16.5 ሚሊ ሜትር ሀዲድ ላይ በትክክል ይቀመጣል፣ የድሮው ግን 12 ሚሊ ሜትር ሀዲድ ይፈልጋል። ይሄን የምላችሁ ለእውቀት ብቻ አይደለም፣ እንፋሎት ከሆነ ጥቀርሻና የውሃ ጨው ነው የምትሰሩት፣ ናፍጣ ከሆነ ጭስና ዘይት፣ ኤሌክትሪክ ከሆነ ደግሞ ጣራው ላይ የሚቀመጠው ከፓንቶግራፉ (ከላይ ካለው ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ክንድ) ካርበን የሚረግፍ ጥቁር ብናኝ ነው። ሶስቱን የቀላቀለ ሰው በጥሩ እጅ ቢሰራውም አይን ላይ ይጎረብጣል።

ወቅትም ምረጡ። ፉርጎው የሐምሌ ነው የጥር? የሐምሌ ከሆነ ከስር ጭቃ ይረጨዋል፣ ጎኑ ላይ ዝናብ ያጠበው ቀጥ ያለ መስመር ይኖረዋል፣ ቀለሙም ጠቆር ይላል። የጥር ከሆነ አቧራው ደርቆ ሁሉንም ነገር ያደበዝዘዋል። ሁለቱን አንድ ፉርጎ ላይ አትስሩ።

ለማየት ደግሞ ባቡር አጠገባችሁ መኖር የለበትም። ኮምቦልቻ ላይ ቆማችሁ ከሀረጎ የሚወርዱትን የጭነት መኪኖች ተመልከቱ። ፍሬን እየያዘ የወረደ መኪና ጎማው አካባቢ ያለው ጥቁር ቡናማ ዱቄት፣ ነዳጅ መሙያው ስር ያለው የሚያብለጨልጭ እርጥብ መስመር፣ ሹፌሩ ሁሌ የሚረግጠው መወጣጫ ቀለሙ አልቆ ብረቱ ሲያበራ፣ የተሳቢው ጥግ ላይ ዝገቱ ከብሎኑ ተነስቶ ወደታች ሲወርድ፣ ይሄ ሁሉ ባቡር ላይም አለ። ስልካችሁን አውጡና ፎቶ አንሱ፣ ሙሉ መኪናውን ሳይሆን ቁራጭ ቁራጩን ቀርባችሁ። ድሬዳዋ የመሄድ እድል ያገኘ ደግሞ የድሮው ባቡር ጣቢያ ያሉትን ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች ሳያይ እንዳይመለስ።

እሺ ወደ ስራው። መጀመሪያ ዝርዝሩ ነው የሚጨመረው ቀለሙ ኋላ ነው። ርካሽ ሞዴሎች ላይ የእጅ መያዣው ከአካሉ ጋር አብሮ የተቀረፀ ጉብታ ነው፣ እሱን በስለታም ምላጭ ቀስ አድርጋችሁ ላጩትና በሽቦ ተኩት። በ1 ለ 87 ስኬል 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እውነተኛ መያዣ 0.35 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው የሚሆነው፣ ስለዚ ወፍራም ሽቦ አታድርጉ። የብረት የክራር ክር ቀጭኑ በጣም አሪፍ ነው፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የጊታርም ይሆናል። ከተበላሸ ቻርጀር ገመድ ውስጥ የሚወጣው ፀጉር የመሰለ መዳብ ደግሞ ለትንንሽ ቧንቧና ለኤሌክትሪክ መስመር ይሆናል፣ ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ ሳብ ስታደርጉት ቀጥ ይላል። ቀዳዳውን በመርፌ ጫፍ ምልክት አድርጉና በእጅ በሚዞር ቀጭን መሰርሰሪያ ብሱት፣ ሽቦውን ከውስጥ በኩል በሱፐር ግሉ ያዙት። ሱፐር ግሉ ከውጪ ከነካ ፕላስቲኩን ነጭ ያደርገዋል፣ ከውስጥ የምላችሁ ለዛ ነው። የፍሬን አየር ቱቦ ከሁለቱም ጫፍ አትርሱ፣ ጥቁር ላስቲክ የለበሰ ቀጭን ሽቦ ትንሽ ጎበጥ አድርጎ ማንጠልጠል ነው፣ እሱ ብቻ እንኳ የፉርጎን ፊት ይቀይረዋል።

ከዛ አካሉን ከስሩ ለዩት፣ አብዛኛው በጥቂት ብሎን ነው የሚፈታው፣ ብሎኖቹን ክዳን ያለው ነገር ውስጥ አስቀምጡ። አካሉን ለብ ባለ ውሃና በእቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና እጠቡት፣ የእጅ ቅባት ካለበት ቀለም አይዝም። ሲደርቅ ማት (የማያብለጨልጭ) ቫርኒሽ በስፕሬይ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሆናችሁ በስሱ ንፉበት። መስኮቶቹን ቀድማችሁ አውጡ ወይ በፕላስተር ሸፍኑ። የደሴ ልጆች ይሄን ስሙኝ፣ ጦሳ ጉም በለበሰበት ቀን ስፕሬይ አትንፉ፣ እርጥበት ሲኖር ቫርኒሹ ነጭ ጭጋግ ይዞ ይደርቃል፣ ፀሀይ እስክትወጣና አየሩ እስኪደርቅ ጠብቁ። ቲነር ደግሞ ፕላስቲክ ያቀልጣል፣ የመኪና ቀለም ቤት የሚሰጣችሁን ሁሉ ዝም ብላችሁ አትቀቡ፣ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክሩ።

አሁን ማደብዘዝ ነው። ፀሀይ የበላው ቀለም ነጣ ይላል፣ ስለዚ የባቡሩን ዋና ቀለም ከትንሽ ነጭ ጋር ቀላቅላችሁ በብዙ ውሃ አቅጥኑትና ጣራውንና የጎኑን የላይኛውን ክፍል በስሱ ቀቡ፣ ሁሉንም እኩል ሳይሆን አንዱን ሰሌዳ ትንሽ ጨመር አንዱን ቀነስ እያደረጋችሁ። ቀጥሎ ጥቁርና ቡናማ አክሪሊክ ደባልቁ፣ በአንድ እጅ ቀለም አስር እጅ ያህል ውሃ፣ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩበት ምክንያቱም ካለሱ ውሃው ተንከባሎ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይቀራል። በብሩሽ ስትቀቡት ስንጥቁና የብሎኑ ዙሪያ ውስጥ ይገባል፣ ሳይደርቅ በእርጥብ ስፖንጅ ከላይ ወደታች ብቻ ጥረጉት። ወደ ጎን የጠረጋችሁ እንደሆነ አበቃ፣ ዝናብ ወደ ጎን አይወርድም።

ዝገት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚያበላሸው እሱን ስለሆነ። ሰው ዝገት ሲባል ብርቱካናማ ይታየዋል፣ ብርቱካናማ ግን አዲስ ዝገት ነው፣ የቆየው ጥቁር ቡናማ ነው። ስለዚ መጀመሪያ ጥቁር ቡናማውን ጥቅጥቅ አድርጉ፣ መሀሉ ላይ መካከለኛ ቡናማ፣ ብርቱካናማው ጠርዝ ጠርዙ ላይ እንጥፍጣፊ ብቻ። የተቀደደ ስፖንጅ ጫፍ ቀለም ነክራችሁ ወረቀት ላይ አራግፉትና ሊደርቅ ሲል ነካ ነካ አድርጉ። እዚጋ ስኬሉን አስቡ፣ ሞዴሉ ላይ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ነጠብጣብ በእውኑ ባቡር 8.7 ሴንቲ ሜትር ነው፣ መዳፍ የሚያክል ማለት ነው። ትንሽ የመሰላችሁ ነጥብ ትልቅ ነው። ከነጠብጣቡ ስር ደግሞ በቀጭን ብሩሽ በጣም የቀጠነ ቡናማ መስመር ወደታች ሳቡ፣ እየሄደ እንዲጠፋ ንፁህ እርጥብ ብሩሽ ከስር አስከትሉበት።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣን፣ አፈሩ። ሱቅ የሚሸጠው የሞዴል ፒግመንት (የቀለም ዱቄት) አሪፍ ነው ግን እኛ አገር ማግኘት ከባድ ነው፣ ደግሞ የወሎን አፈር ከወሎ አፈር በላይ የሚመስል ምን አለ? ቀዩንም ዋልካውንም ትንሽ ትንሽ ውሰዱ፣ ለቆላው ክፍል ደግሞ ወደ አዋሽ የወረደ ሰው ካለ ነጣ ያለውን አቧራ አስመጡ። ምጣድ ላይ አድርቁት፣ በሙቀጫ ውቀጡት፣ በሴቶች ስቶኪንግ ንፉት፣ እንደ ሽሮ እስኪልም ድረስ። ከዛ ይሄን እንዳታልፉት፦ ማግኔት በላስቲክ ጠቅልላችሁ አፈሩ ውስጥ አመላልሱት። የኛ አገር ደጋ አፈር ከባዛልት ድንጋይ የመጣ ስለሆነ ብረትነት ያለው ጥቁር ብናኝ አለበት፣ የሎኮሞቲቩ ሞተር ውስጥ ደግሞ ማግኔት አለ፣ ያ ብናኝ ከገባ ተለጥፎ ሞተሩን ይበላዋል። ማግኔቱ ላይ የሚለጠፍ ነገር እስኪጠፋ ድጋግሙት። ጥቁሩን ከከሰል ፍጩት፣ ሌላውን ቀለም ከለስላሳ ፓስቴል ጠመኔ በምላጭ ፍቃችሁ ማግኘት ይቻላል።

አቀባቡ ቀላል ነው፣ ለስላሳ የሜካፕ ብሩሽ ይዛችሁ ከስር ወደላይ አልብሱት፣ ቦጂው (ጎማዎቹን የያዘው ማቀፊያ) እና የስሩ ክፍል ላይ በዛ አድርጉ ወደላይ ሲሄድ እየሳሳ ይጥፋ። እንዲይዝ ከፈለጋችሁ ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል በመርፌ ሲሪንጅ ጠብ አድርጉበት፣ ሲረጥብ ይጠፋል አትደንግጡ ሲደርቅ ይመለሳል። ቫርኒሽ ከላይ ከነፋችሁበት ግን አፈሩ ግማሹ ይጠፋል፣ ስለዚ ወይ ከሚያስፈልገው በላይ አልብሱና ንፉ ወይ የመጨረሻዋን ስስ ሽፋን ሳትነፉ ተዉትና ሞዴሉን ስታነሱ ከጎማው በኩል ያዙት።

ሎኮሞቲቩ ላይ ስትመጡ፦ እንፋሎት ከሆነ የቦይለሩ ጀርባና የሹፌሩ ክፍል ጣራ ላይ ጥቀርሻ፣ የእንፋሎት ማስተንፈሻው ዙሪያ የውሃ ጨው የተወው ነጭ መስመር፣ የጎማ ዘንጎቹ ላይ የሚያብለጨልጭ ዘይት። ናፍጣ ከሆነ ከጭስ መውጫው ተነስቶ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ የሚሳሳ ጥቁረት፣ ምክንያቱም ሎኮሞቲቩ ወደፊትም ወደኋላም ይሄዳል። ዘይት የነካው ቦታ ማት መሆን የለበትም፣ አንጸባራቂ ቫርኒሽ ከጥቁር ጋር ቀላቅሉና እዛች ቦታ ብቻ ነካ አድርጉ፣ በደረቀ አቧራ መሀል አንድ እርጥብ ነገር ሲታይ ሁሉንም እውነት ያደርገዋል። የእጅ መያዣውን፣ መወጣጫውንና የፉርጎ ማገናኛውን ለስላሳ እርሳስ አሹት፣ ሰውና ብረት ሲነካካው የኖረ ብረት እንደዛ ነው የሚያበራው።

ፉርጎ ላይ ደግሞ ጭነቱ ይናገር። የነዳጅ ፉርጎ ከላይ ከመሙያው አፍ ተነስቶ በሆዱ ላይ የወረደ ጥቁር መስመር አለው። ማዳበሪያ የጫነ ፉርጎ በሩ ጥግ ነጭ ብናኝ ይይዛል፣ ማዳበሪያ ብረት ስለሚበላ ዝገቱም እዛው ይጀምራል። ኮንቴይነር የጫነ ከሆነ ኮንቴይነሩንና ፉርጎውን ለየብቻ አስረጁ፣ ኮንቴይነር በመርከብ ዞሮ የመጣ እቃ ነው፣ ከስሩ ካለው ፉርጎ ጋር እድሜውም ቆሻሻውም አንድ አይደለም። የቁራሌ ብረት የጫነ ክፍት ፉርጎ ለመስራት ደግሞ ቀጫጭን ፎይልና ሽቦ አጨማዳችሁ በሶስቱ የዝገት ቀለም ቀቡት፣ የፉርጎውን የውስጥ ግድግዳም መቦጫጨር እንዳትረሱ። ባቡሩ ሲቆም ፉርጎዎቹን ደርድሩና እዩ፣ ሁሉም እኩል ካረጁ ችግር አለ፣ አንዱ አዲስ የተቀባ አንዱ ሊወድቅ የደረሰ መሆን አለበት።

በመጨረሻ ጎማው። የጎማውን ፊት ቡናማ ቀቡ፣ ሀዲዱን የሚነካው ዙሪያና ኤሌክትሪክ የሚቀበለው የመዳብ ቁራጭ ላይ ግን ቀለምም አፈርም ቫርኒሽም አይንካ። ስትቀቡ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑት፣ ስትጨርሱ በአልኮል የነከረ ጥጥ ዙሪያውን ጥረጉ፣ ጥጡ ጥቁር ማውጣት እስኪያቆም። ከዛ ብሎኑን መልሱና በቀስታ ወደፊትም ወደኋላም አስኪዱት፣ ኩርባ ላይ የጨመራችሁት የአየር ቱቦ ከቦጂው ጋር እየተጋጨ ፉርጎውን ከሀዲድ የሚያስወጣ ከሆነ ቱቦውን ትንሽ ወደ ውስጥ አጥፉት።