ጥርስ ከማስነጣትና ከማስለበስ በፊት ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ያደግሁት ወንጂ ነው። ሸንኮራ እየመጠጥን፣ የጉድጓድ ውሃ እየጠጣን ካደግነው ልጆች ብዙዎቻችን የፊት ጥርሳችን ላይ ቡኒ መስመር አለ። ሰፈር ውስጥ ሳለን ማንም ልብ አይለውም ነበር። አዲስ አበባ ለትምህርት ስመጣ ግን አንዷ የክፍል ጓደኛዬ፣ የምትረዳኝ መስሏት፣ «ጥርስሽን አትቦርሺም እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስስቅ አፌን በእጄ መሸፈን ለመደብኝ። የምረቃ ፎቶዬ ላይ እንኳ ከንፈሬን ገጥሜ ነው የቆምኩት።

ሥራ ይዤ ትንሽ ገንዘብ እንዳጠራቀምኩ ጥርሴን ላስለብስ ሄድኩ። ልሳሳት አንድ ሐሙስ ሲቀረኝ ነው የተረፍኩት። ከዚያ ወዲህ የጥርስ ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም። እህት፣ ጓደኛ፣ የሥራ ባልደረባ ሲያማክረኝ የምነግራቸውን ነው እዚህ የምጽፈው።

ቀለሙ ከየት እንደመጣ ሳያውቁ መጀመር

የጠቆረ ጥርስ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የቡና፣ የሻይ፣ የሲጋራና የጫት ቀለም ከላይ የሚለጠፍ ነው። ጥርስ በማሳጠብ ብቻ ብዙው ይለቃል። ማስነጣት ይፈልጋሉ ተብለው የመጡ ሰዎች ታጥበው ሲወጡ በመስታወት አይተው «በቃኝ» የሚሉበት ጊዜ አለ።

የእኛ የስምጥ ሸለቆ ልጆች ጉዳይ ሌላ ነው። ወንጂ፣ መተሐራ፣ ዝዋይ አካባቢ ያለው የጉድጓድ ውሃ ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ የሚያመጣው ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን አለው፤ ሲበዛ ጥርስ ላይ ቀለም ይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በሸለቆው ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ግን ከዚህ ያልፋሉ። ቀለሙ የሚገባው ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ነው፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ ባለው ዕድሜ። ስለዚህ ብሩሽ ቢያልቅ፣ ክንድ ቢዝል አይለቅም። የንጽሕና ጉድለትም አይደለም። ይህን በ19 ዓመቴ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ስንት ሳቅ አተርፍ ነበር። (ልጆች ያሏችሁ የሸለቆው ነዋሪዎች፦ ውሃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያወጣውም። ውሃው ሲተን ጭራሽ ይበዛል።)

ቴትራሳይክሊን የሚባል የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትም አለ። እናት እርጉዝ ሳለች ወይም ልጁ ትንሽ ሳለ ከተወሰደ ጥርስ ላይ ግራጫ ቀለበት ይተዋል። ይህንን በማስነጣት ለመቀየር ወራት ይፈጃል።

አንድ ጥርስ ብቻ ለይቶ ከጠቆረባችሁ ደግሞ ምናልባት ልጅ ሆናችሁ ወድቃችሁ ወይም ኳስ መቷችሁ ነርቩ ሞቶ ይሆናል። እሱ በመጀመሪያ የሥር ሕክምና ነው የሚያስፈልገው። የሚነጣውም ከውስጥ ነው። ከላይ ቢቀቡት ሌሎቹ ነጥተው እሱ ብቻ ጠቁሮ ይቀራል።

የሎሚና የከሰል መላ

ቲክቶክ ላይ ሎሚ ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ቀላቅሎ የሚፈትግ ሰው ሳይ ጥርሴን ያመኛል። ጥርስን ከላይ የሚሸፍነው ኢናሜል ፒኤች (የአሲድ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 ሲወርድ መሟሟት ይጀምራል። ሎሚ ደግሞ 2 አካባቢ ነው። በአሲድ አለስልሶ በዱቄት መፈተግ ማለት ነው እንግዲህ። የከሰል ዱቄትም በበኩሉ ይፍቃል።

ኢናሜል እንደ ጥፍር ተመልሶ አይበቅልም። ከሥሩ ያለው ዴንቲን በተፈጥሮው ወደ ቢጫ ያደላል። ስለዚህ በሎሚ የሚፈትግ ሰው የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የነጣ ይመስለዋል፣ እየቆየ ቢጫው ይወጣበታል፤ ቢጫው ሲወጣ ደግሞ ጨምሮ ይፈትጋል። ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ የሚዘለው ያኔ ነው።

መፋቂያችንን ግን ከዚህ ጋር አትደምሩት። ጫፉ በደንብ ከታኘከና ድዱን ሳይጋፉ በቀስታ ከተፋቀበት ደግ ነገር ነው።

በታመመ አፍ ላይ ማስዋብ

ሲቦረሽ የሚደማ ድድ፣ የተቦረቦረ መንጋጋ፣ መጥፎ ጠረን እያለ ስለ ንጣት ማውራት ምሰሶው የበሰበሰ ቤት ቀለም እንደመቀባት ነው። የሚያነጣው ጄል በተቦረቦረው ጥርስ በኩል ወደ ነርቭ ሲገባ ሕመሙ ሌሊት አያስተኛም። በሚደማ ድድ ላይ የተለጠፈ ሽፋንም አፉ አይገጥምም፣ ጠርዙ ላይ ቆሻሻ ይይዛል። ስለዚህ መጀመሪያ ራጅ፣ ከዚያ እጥበት፣ ከዚያ የሚሞላው ይሞላ፣ የሚታከመው ይታከም።

ቅደም ተከተሉ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የተሞላ ጥርስ፣ ክራውን (ጥርሱን ሙሉ በሙሉ የሚያለብሰው)፣ ቬኒር (ከፊት ብቻ የሚለጠፈው ስስ ሽፋን) በጄል አይነጡም። የፊት ጥርሳችሁ ላይ ሙሌት ካለ በቅድሚያ ማስነጣቱ ያልቅና 2 ሳምንት ያህል ተጠብቆ ሙሌቱ በአዲሱ ቀለም ይቀየራል። በተገላቢጦሽ ከተሠራ ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ።

ጤነኛ ጥርስን ማስሞረድ

እኔ ልሠራው የነበረው ስህተት ይህ ነው።

የገባሁበት ክሊኒክ ግድግዳው በሙሉ የፈገግታ ፎቶ ነው። የተቀበለኝ ባለሙያ አፌን ለግማሽ ደቂቃ ያህል አየና «ከላይ ስምንቱን ሞርደን እናለብስልሻለን፣ በሳምንት ውስጥ ያልቃል» አለኝ። ሆሊውድ ስማይል ይሉታል። ቀብድ ጠየቁኝ። ቦርሳዬን ከፍቼ ነበር። ግን ብሩ ትንሽ ስለጎደለኝ «ነገ አመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ማታ ለአክስቴ ስነግራት «ስምንት ጤነኛ ጥርስ? በይ እኔ የምታከምበት ዶክተር ጋ ሄደሽ አንድ ጊዜ ታዪ» አለችኝ። ሄድኩ። ዶክተሯ ወንበሩ ላይ እንኳ ሳልቀመጥ «የት ነው ያደግሽው እህቴ?» አለችኝ። «ወንጂ» ስላት ሳቀች፤ «ታዲያ ጥርስሽ ምን ሆነ? ቀለም ብቻ ነው እኮ» አለች። መስታወት ሰጥታ አንድ በአንድ አሳየችኝ። አንድም የተቦረቦረ አልነበረም።

ከዚያ ክራውን ማለት ምን እንደሆነ አስረዳችኝ። ጥርስን ሙሉ በሙሉ ለማልበስ ከላይ ከሚታየው አካሉ ከግማሽ በላዩ ሊነሳ ይችላል። ተሞርዶ የቀረው ጉቶ የተቀረጸ እርሳስ ይመስላል። ቬኒር ይሻላል፤ ከፊት ለፊት ብቻ ከ0.3 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል ተነስቶ ስስ ሽፋን ይለጠፍበታል። እሱም ቢሆን አንዴ ከተሞረደ ወደ ኋላ የለም። ጥሩ የፖርሰሊን ቬኒር ከ10 እስከ 15 ዓመት ያገለግላል። እኔ ያኔ 26 ዓመቴ ነበር። እስከ ሽምግልናዬ ስንት ጊዜ እንደምቀይረው፣ በየጊዜው ስንት እንደምከፍል ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት።

የተሞረደ ጥርስ ነርቩ የሚሞትበት ጊዜም አለ። ያኔ የሥር ሕክምና ይመጣል። ከዚያ ሥሩ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዚያ ማስነቀል። ጤነኛ ጥርስ ይዞ ገብቶ ከ10 ዓመት በኋላ ማስነቀል ያሳዝነኛል፣ ያናድደኛልም።

ለእኔ የተደረገልኝ እጅግ ስስ የሆነውን የላይኛውን ንብርብር በልዩ ዱቄት ማሸት ነው። ቀጥሎ በጥርሴ ልክ የተሠራ ፕላስቲክ ውስጥ 10 በመቶ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ ያለው የሚያነጣ ጄል ጨምሬ ማታ ማታ ለሳምንታት አደረግሁ። መጀመሪያ ላይ ነጭ ነጠብጣቦቼ ብሰው ታዩ፤ ደነገጥኩ። እየቆየ ተመጣጠነ። ቡኒው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ሁለቱ የፊት ጥርሶች ላይ ስስ ጥላ ቀርቷል፣ በቅርብ የሚያየኝ ያየዋል። ግን የራሴ ጥርስ ነው፣ ከሞላ ጎደል በሙሉ ውፍረቱ።

ቬኒር አትሥሩ እያልኩ አይደለም። ለተሰበረ፣ ለተበላ፣ ቀለሙ በምንም ለማይለቅ ጥርስ ትልቅ መፍትሔ ነው። ግን ከቀላሉ ጀምሩ። «ጥርሴ ሳይነካ ምን ማድረግ ይቻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ስትጠይቁት ፊቱ የሚለወጥ ባለሙያ ጋ አትቆዩ።

ፍንጭትን በላስቲክ ማጥበብ

እኛ ጋ ፍንጭት ውበት ነው። እናቶቻችን ተመርቀውበታል፣ ተዘፍኖበታል። ባሕር ማዶ የሚያድጉ ልጆቻችን ግን ትምህርት ቤት ይሾፍባቸዋል። ሜሪላንድ ያለች የዘመዴ ልጅ፣ 14 ዓመቷ፣ ኢንተርኔት ላይ አይታ ሁለቱን የፊት ጥርሶቿን በትንሽ ላስቲክ አስራ ትተኛ ነበር። እናቷ ድዷ ሲያብጥ ነው ያወቀችው።

እባካችሁ ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩ። የፊት ጥርስ ሥር ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ ነው። ላስቲኩ በዚያ ላይ እየተንሸራተተ ድድ ውስጥ ይገባል። ከዚያ አይታይም። ጥርሱን የያዘውን አጥንት እየበላ ይወጣል። የአሜሪካ የጥርስ ማስተካከል ሐኪሞች ማኅበር ደጋግሞ ያስጠነቀቀበት ነገር ነው፤ ሁለቱንም የፊት ጥርሶቻቸውን ያጡ ሰዎች አሉ። የእኛዋ በጊዜ ተደርሶላታል።

ፍንጭቱን መዝጋት የፈለገ ሽቦ አለ፣ በሙሌት ማጥበብም አለ። ሽቦ ከወጣ በኋላ የሚሰጠውን ማቆያ ካላደረጋችሁ ግን ክፍተቱ ተመልሶ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚሰንፈው እዚያ ላይ ነው።

ሰርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው መሄድ

የጥር ሙሽሮች በታኅሣሥ መጨረሻ ነው የሚሯሯጡት። ማስነጣት ለጥቂት ቀናት ጥርስን ቀዝቃዛና ትኩስ ሲነካው እንዲያመው ያደርጋል። ከተነጣ በኋላ ባሉት 2 ቀናት ቡና፣ ሻይ፣ ቀይ ወጥ ባይነካ ይመረጣል። በሰርግ ሰሞን ይህ እንዴት ይሆናል? ጥር የምታገቡ ጥቅምት ላይ ጀምሩ። ሽቦ የሚያስፈልገው ከሆነ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ነው፣ ለሰርግ አይደርስም።

ከውጭ ለ3 ሳምንት የሚመጡ ወገኖቻችንም እዚሁ ስህተት ውስጥ ይገባሉ። እዚያ ኢንሹራንሱ ለማስዋቢያ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም፣ እዚህ ይረክሳል፣ እውነት ነው። ነገር ግን የሚተከል ጥርስ መንጋጋ ውስጥ የሚገባው የቲታኒየም ብሎን ከአጥንት ጋር እስኪዋሃድ በተለምዶ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈልጋል። ወይ በሁለት ጉዞ ከፍላችሁ አስቡት፣ ወይ የሚቀጥለውን እዚያ የሚጨርስላችሁ ሐኪም ከወዲሁ አግኙ። የሚያጨስና ስኳሩን የማይቆጣጠር ሰው ተከላው የመክሸፍ ዕድሉ ከፍ ይላል። ይህን ለሐኪሙ መደበቅ ራስን መጉዳት ነው።

ንጣትን ማብዛት

የዓይናችሁን ነጭ ተመልከቱ። ከሱ በላይ የነጣ ጥርስ ከሩቅ ይጮኻል። የቀለም ናሙናውን በክሊኒኩ አምፖል ሥር አትምረጡ፤ መስኮት አጠገብ ቁሙ፣ በቀን ብርሃን እዩት። ጥርሱ ሳይነካ በጊዜያዊ ማቴሪያል ቅርጹን አፋችሁ ላይ ማሳየት ይቻላል። ጠይቁ። ተናገሩበት፣ ሳቁበት፣ «ፈ» እና «ሰ» በደንብ ይወጡ እንደሆነ ስሙት።

ማን እንደሚሠራውና በምን እንደሚሠራ አለመጠየቅ

ጥፍር እየተሠራ ጥርስ የሚነጣበት ውበት ሳሎን አለ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ0.1 እስከ 6 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ያለው ማንጫ ያለ ጥርስ ሐኪም አይሰጥም። ከ18 ዓመት በታች ላለ ሰውም አይፈቀድም። ድድ ማቃጠሉ ቀላል ስላልሆነ ነው። የሙያ ፈቃዱን ማየት ነውር የለበትም።

ከዚያ ንጽሕናው። ሄፓታይተስ ቢ አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው ላይ ያለ በሽታ ነው፣ በደም ይተላለፋል። ዕቃው ከእሽጉ ሲወጣ በዓይናችሁ እዩ። አያቶቻችን ድዳቸውን ሲነቀሱ አንዱ መርፌ ከአፍ አፍ ይዞር ነበር። እነሱ የሚጠይቁት ሰው አልነበራቸውም።

ወረቀት ሳይዙ መውጣት

ሥራው ሲያልቅ ራጃችሁን፣ የቀለም ቁጥራችሁን፣ የተጠቀሙትን ማቴሪያል ስም፣ ፖርሰሊን ይሁን ዚርኮኒያ፣ በጽሑፍ ተቀበሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሚኒሶታ ወይም ዱባይ ሆናችሁ አንዱ ቢሰበር፣ የዚያ አገር ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ከተሰበረ ማን በምን ያህል ጊዜ ውስጥ በነጻ እንደሚጠግነውም ይጻፍ። ሌሊት ጥርስ የምታፋጩ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው ተናገሩ፣ ማታ የሚጠለቅ መከላከያ ይሠራላችኋል፤ ያለሱ ቬኒር ብዙ አይቆይም።

የእኔ ወረቀት በስልኬ ፎቶ ተነስቶ አለ። ባለፈው ወር እህቴ ለማጣራት ፈልጋ ስልኬን ስትከፍት ከሱ ቀጥሎ ያለውን የልደቴን ፎቶ አየች። አፌን ሳልሸፍን ነው የምስቀው፣ ጥርሴ ላይ የቀረችው ጥላም ትታያለች።